ጆርጅ ስቲር፦ የመርዝ ጋዙን ወሬ ለዓለም ያደረሰው የ26 ዓመት ጋዜጠኛ

የሆነ ቦታ ተኩስ ተሰማ በተባለ ቁጥር የገጻችን የመልእክት ሳጥን በፎቶና በቪዲዮ ይሞላል። ከሚላክልን ውስጥ አንዳንዱ የሌላ አገር ነው፣ አንዳንዱ ከዓመታት በፊት የተቀረፀ ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ እውነተኛ ነው። ችግሩ ስልክ ላይ ሲታዩ ሦስቱም አንድ ዓይነት መምሰላቸው ነው። ለምን ቶሎ አትለጥፉትም ብላችሁ የምትቆጡን አላችሁ፤ ቁጣችሁ ይገባናል። ዛሬ ግን ስለ አንድ የጦርነት ዘጋቢ እናውጋችሁ። ወደ አገራችን ሲመጣ ገና 25 ዓመቱ ነበር። ከሞተ 80 ዓመት አልፎታል። ስሙ ጆርጅ ስቲር ይባላል።

ስለ ማይጨውና ስለ መርዝ ጋዙ ሁላችንም ትምህርት ቤት ተምረናል። ወሬው እንዴት ከአገር ወጥቶ ለንደን ጋዜጣ ላይ እንደታተመ ግን ብዙም አይወራም። የስቲር ሕይወት የሚጣፍጠው እዚህ ላይ ነው፣ የሚያሳዝነውም እዚሁ ላይ ነው።

የተወለደው በኅዳር 1902 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ኢስት ለንደን በምትባል የወደብ ከተማ ነው። አባቱ የጋዜጣ ሰው ስለነበሩ ሙያው ከቤት የመጣ ነው ማለት ይቻላል። እንግሊዝ አገር ሄዶ ኦክስፎርድ ገባ፣ የጥንት ግሪክኛና ላቲን ተማረ፣ በከፍተኛ ውጤት ተመረቀ። እንዲህ ያለ ተማሪ በዚያ ዘመን ቢፈልግ ጥሩ ወንበር ያለው ቢሮ አያጣም ነበር። እሱ ጋዜጠኝነትን መረጠ። በኅዳር 1927 ወልወል ላይ የኢትዮጵያና የጣሊያን ወታደሮች ከተታኮሱ በኋላ ጦርነት እንደማይቀር ሁሉም ሲያውቅ፣ ዘ ታይምስ የተባለው የለንደን ጋዜጣ ስቲርን ወደ አዲስ አበባ ላከው።

የመጣው እንደ ማንኛውም የዘመኑ እንግዳ ነው። ጅቡቲ ላይ ከመርከብ ወርዶ ባቡር ተሳፈረ። ድሬዳዋ፣ አዋሽ፣ አዳማ፣ ሞጆ እያለ ሦስት ቀን ገደማ የሚፈጅ ጉዞ ነበር። በዚያ ክረምትና በቀጣዩ መኸር በዚሁ ሐዲድ ከመቶ በላይ የውጭ ጋዜጠኞችና የካሜራ ሰዎች አዲስ አበባ ገብተዋል። ሆቴሎቹ ሞልተው ሰዎቹ አልጋ ተጋርተው ይተኙ ነበር።

እንግዲህ እነዚህ ሁሉ ሰዎች የመጡት ጦርነት ለማየት ነው። ጦርነቱን ግን አብዛኞቹ አላዩትም። መንግሥት ወደ ግንባር እንዲሄዱ አልፈቀደም፣ መንገዱም የሚያስኬድ አልነበረም፣ ግንባሩ ደግሞ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቆ በሰሜንና በደቡብ ምሥራቅ ነበር። ስለዚህ ሆቴል ቁጭ ብለው ወሬ ይለቅማሉ። አንዱ ከአስተርጓሚው የሰማውን ሌላው ከሾፌሩ ይሰማዋል፣ ማታ ላይ ሁለቱ ሲገናኙ ወሬው የተረጋገጠ ይመስላቸዋል። ሁለቱም ከአንድ ሰው እንደሰሙት ማን ይንገራቸው? ዛሬ አንድ ቪዲዮ በ10 ገጽ ላይ ስላየነው ብቻ እውነት የሚመስለን ነገር አለ አይደል? ልክ እንደዚያ ነው።

መላኩ ደግሞ ሌላ ፈተና ነው። ወሬ የሚሄደው በቴሌግራም ነው (የስልካችሁ መተግበሪያ አይደለም፣ የድሮው)። ክፍያው በቃል ስለሆነ ሙሉ ዓረፍተ ነገር አይጻፍም፤ አጥንቱ ብቻ ይላካል። ከመላኩ በፊት ሳንሱር ያየዋል። ለንደን ወይም ኒውዮርክ ያለው አዘጋጅ ደግሞ በተቆራረጡት ቃላት መካከል ያለውን ክፍተት በራሱ ግምት ይሞላዋል። አለቆቹ በየቀኑ ስለ ውጊያ ካልላካችሁ እያሉ ይጨቀጭቋቸዋል። ውጊያ ያላየ ሰው ምን ይላክ? አንዳንዱ ፈጠረ። ካሜራ ከያዙት መካከልም ለሰው ገንዘብ ከፍለው የውጊያ ትርኢት ያሠሩና የቀረፁ ነበሩ። የውሸት የጦርነት ቪዲዮ በስማርት ስልክ ዘመን የተፈጠረ ለሚመስለን ሰዎች ይሄ ጥሩ ማስታወሻ ነው።

እዚህ ላይ ለነገሌ ልጆች አንድ ነገር ጣል እናድርግ። በጥር 1928 የግራዚያኒ ጦር ነገሌን ያዘ ተብሎ ዓለም ሁሉ ሰምቷል። ሙሶሊኒም በኋላ ለግራዚያኒ የነገሌ ማርኪስ የሚል የመኳንንት ማዕረግ አሰጠው። ያቺ ነገሌ የኛዋ አይደለችም፤ የቦረናዋ ናት። እስከ ዛሬ ሁለቱን እያምታታ የሚጽፍ ሰው አይጠፋም። በጦርነት ጊዜ የአንድ ከተማ ስም መምታታት ቀላል ነገር አይደለም፤ ዘመድ ያለው ሰው እንቅልፍ ያጣል።

ወደ ስቲር እንመለስ። እሱን ከሆቴሉ ጭፍራ የለየው ቀላል ነገር ነው፤ ሄዶ ማየት ይወድ ነበር። ጦርነቱ ከመጀመሩ ጥቂት ሳምንታት በፊት ከንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ አግኝቶ በጭነት መኪና ወደ ኦጋዴን ወረደ። ጅጅጋን፣ ደገሃቡርን አልፎ ቆራሄ ድረስ ዘለቀ። ሙቀቱ፣ አቧራው፣ የውኃው እጥረት የሚታወቅ ነው፤ በዚያ ላይ መኪናው በየቦታው ይቆማል። ቆራሄ ላይ ግራዝማች አፈወርቅ ወልደ ሰማያትን አገኘ። ጥቂት መትረየስ፣ አንድ ለአውሮፕላን የሚተኮስ መድፍ፣ ምሽግ ውስጥ የሚጠብቁ ወታደሮች። ስቲር ቆጠረ፣ ለካ፣ ጻፈ።

ጥቅሙ የታየው በኋላ ነው። ጦርነቱ መስከረም 22 ቀን 1928 ሲጀመርና ከሁለቱም ወገን የተጋነነ መግለጫ መፍሰስ ሲጀምር፣ ስቲር ቢያንስ ስለ ኦጋዴን የሚነገረውን የሚያመዛዝንበት ነገር ነበረው። ምሽጉን አይቶታል፣ መድፉን ያውቀዋል፣ ሰውዬውን ያውቃቸዋል። በጥቅምት መጨረሻ የጣሊያን አውሮፕላኖች ቆራሄን ለቀናት ሲደበድቡ አፈወርቅ ቆሰሉ። ወደ ሕክምና ልውሰዳችሁ ሲባሉ እንቢ ብለው ከመድፋቸው ሳይለዩ እዚያው ሞቱ። ስቲር ስለ እሳቸው የጻፈው ገጽ በመጽሐፉ ውስጥ ካሉት ሁሉ ሞቅ ያለ ስሜት ያለበት ነው፤ ለሚያውቁት ሰው የተጻፈ መሆኑ ያስታውቃል።

በታኅሣሥ 1928 ሌላ ዓይነት ወሬ መጣ። ተከዜ አካባቢ ከአውሮፕላን የሚዘንብ፣ ሰው የሚያቃጥል ነገር አለ ተባለ። የሰናፍጭ ጋዝ ወይም ይፐሪት የሚባለው ነው። ጋዝ ይባል እንጂ እንደ ዘይት ያለ ፈሳሽ ነው፤ ሣር ላይ፣ ቅጠል ላይ፣ ውኃ ላይ ያርፋል። ወዲያው አያምም። ከሰዓታት በኋላ ቆዳው ይላጣል፣ ውኃ ይቋጥራል፣ ዓይን ይዘጋል፣ የተነፈሰው ሰው ሳንባው ይቃጠላል። አብዛኛው ወታደር ደግሞ ባዶ እግሩን ነበር።

አሁን እንደ ጋዜጠኛ አስቡት። ጣሊያን ፈጽሞ አላደረግኩም ትላለች። ግንባሩ ጋ የለህም። ጋዙ ሽታው ከነፋስ ጋር ይሄዳል፣ ፎቶ የለህም። በምን ታረጋግጣለህ? ስቲርና ሌሎች ጥቂት ዘጋቢዎች የያዙት መንገድ ቁስሉን መከተል ነበር። ቁስሉን በገዛ ዓይናቸው ያዩ ሐኪሞች ነበሩ፤ የቀይ መስቀል ቡድኖች። የእንግሊዙ ቡድን መሪ ዶክተር ጆን ሜሊ የስቲር ጓደኛ ነበር። በሰሜን ግንባር ሺህ ለሚሆኑ ቁስለኞች ድንኳን የተከሉ እነዚህ ሰዎች የሚናገሩት ከሐሜት የተለየ ነው፤ ቀን አለው፣ ቦታ አለው፣ የታመመ ሰው አለው።

ምስክሮቹ ግን ራሳቸው የጥቃት ዒላማ ሆኑ። ታኅሣሥ 20 ቀን 1928 ዶሎ አቅራቢያ መልካ ዲዳ ላይ የስዊድን ቀይ መስቀል ሆስፒታል በአውሮፕላን ተደበደበ፤ ብዙ ሕሙማንና አንድ ስዊድናዊ ሞቱ፣ ዋና ሐኪሙ ቆሰለ። የሜሊ ቡድንም በኋላ ሰሜን ላይ ተደብድቧል። ሐኪም ከግንባር ሲባረር ምስክርም አብሮ ይባረራል። ስቲር ይህንን ቶሎ የገባው ይመስለናል።

ያም ሆኖ ወሬው ወጣ፣ ታይምስ ላይ ታተመ፣ ፓርላማ ውስጥ ጥያቄ ተነሣበት። ጣሊያን ካደች። መካዷ ደግሞ የአንድ ሰሞን ነገር አልነበረም። የጣሊያን መከላከያ ሚኒስቴር መርዝ ጋዝ መጠቀሙን በይፋ ያመነው በ1988 ዓ.ም. ነው፤ 60 ዓመት ቆይቶ። እስከዚያ ድረስ ኢንድሮ ሞንታኔሊ የተባለ፣ በጦርነቱ መኮንን ሆኖ ኢትዮጵያ የነበረ እጅግ ታዋቂ ጣሊያናዊ ጋዜጠኛ ጋዝ አልነበረም፣ እኔ እዚያ ነበርኩ፣ አላየሁም እያለ ሲከራከር ኖሯል። ተከራካሪው የታሪክ ጸሐፊው አንጄሎ ዴል ቦካ ሰነድ ላይ ሰነድ ሲቆልል ነው በመጨረሻ ይቅርታ የጠየቀው። እዚያ ነበርኩ ማለት ብቻውን አይበቃም ማለት ነው። ስቲር የጋዙ ዝናብ ሲወርድ ከሥሩ አልቆመም፤ ቁስሉን ተከትሎ ግን ከሞንታኔሊ በ60 ዓመት ቀድሞ እውነቱ ጋ ደረሰ።

ሁሉም ጋዜጠኛ የእሱን ያህል ኢትዮጵያን አልወደደም። በኋላ በዓለም የታወቀው እንግሊዛዊ ደራሲ ኢቭሊን ዎ ያኔ ለዴይሊ ሜይል ይዘግብ ነበር፣ ልቡም ወደ ጣሊያን ነበር። ሁለቱ አይዋደዱም። ዎ የዚያን ሰሞን የጋዜጠኞች ትርምስ ይዞ ሄዶ ስኩፕ የተሰኘ አስቂኝ ልብ ወለድ ጻፈበት፤ እስከ ዛሬ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ያነቡታል። ያስቃል፣ አንክድም። ግን እዚያ መጽሐፍ ውስጥ የተቃጠለ ሰው የለም።

መጋቢት 22 ማይጨው ላይ ሆነ። ከዚያ በኋላ ነገሩ በፍጥነት ተናደ። ሚያዝያ 24 ንጉሠ ነገሥቱ በባቡር ሲወጡ አዲስ አበባ በዘረፋና በእሳት ተናወጠች። ከ1,000 በላይ ሰው በእንግሊዝ ለጋሲዮን ግቢ ተጠለለ። በዚያ ሁሉ ተኩስ መሃል፣ ሚያዝያ 26፣ ስቲር እዚያው ለጋሲዮን ውስጥ አገባ። ሙሽራዋ ማርጋሪታ ዴ ኤሬሮ ትባላለች፤ ለአንድ የፓሪስ ጋዜጣ የምትሠራ ዘጋቢ ነበረች፣ የተዋወቁትም አዲስ አበባ ነው። ሲኒማ ይመስላል፣ ግን ያለማጋነን የሆነ ነው። በማግስቱ የባዶሊዮ ጦር ገባ። ዶክተር ሜሊም በዘረፋው ወቅት መንገድ ላይ የወደቀ ሰው ለማንሣት ሲወርድ በተተኮሰበት ጥይት በዚያው ሰሞን ሞተ። ጋዙን ያየው ሐኪም የሞተው በጋዝም በቦምብም አይደለም።

ጣሊያኖቹ ስቲርን ብዙ አላስቀመጡትም። በግንቦት ከአገር ውጣ አሉት። የክስ ዝርዝሩ ረጅም ነው፦ ፀረ ጣሊያን ፕሮፓጋንዳ፣ ስለላ፣ ለኢትዮጵያ ወታደሮች የጋዝ መከላከያ ጭንብል በመኪና ማድረስ። የመጨረሻው ሙሉ በሙሉ ውሸት አልነበረም። አዲስ አበባ ውስጥ ሴቶች ተሰባስበው ከጨርቅ የሰፏቸው ጭንብሎች ነበሩ፣ ስቲርም ወደ ሰሜን አድርሷል። ታዲያ ጋዜጠኛ ጭንብል ማመላለስ አለበት ወይ? የሙያው ሰዎች ይከራከሩበታል። እኛ እንደሚመስለን፣ ሰው ሲቃጠል አይቶ መኪናው ውስጥ ቦታ ያለው ሰው ጭንብሉን አልጭንም ካለ ጋዜጠኝነቱ አይጨምርለትም። ግን ዋጋ እንዳለውም መርሳት የለብንም፤ ተቃዋሚው ከዚያ በኋላ የጻፈውን ሁሉ የወገንተኛ ጽሑፍ ብሎ ለማጣጣል ሰበብ አገኘ።

ባቡሩ በአዳማ በኩል ወደ ጅቡቲ ይዞት ወረደ። በዚያው ዓመት እ.ኤ.አ. በ1936 ቄሳር በአቢሲኒያ የተሰኘ መጽሐፉን አሳተመ። ሰኔ 23 ቀን 1928 ንጉሠ ነገሥቱ ጄኔቫ ላይ ንግግር ሊጀምሩ ሲቆሙ በፉጨት የረበሿቸው እነማን እንደነበሩ ታውቃላችሁ? የጣሊያን ጋዜጠኞች ናቸው። የጋዜጠኛ ባጅ ደረታቸው ላይ አለ፣ ሥራቸው ግን ተናጋሪው እንዳይሰማ ማድረግ ነበር።

ቀጥሎ የመጣው ዓመት ለስቲር ከባድ ነበር። በጥር 1929 ማርጋሪታ ለንደን ውስጥ በወሊድ ምክንያት ከነሕፃኑ ሞተች። ከጋብቻቸው ዓመት እንኳ አልሞላም። ሐዘኑን እንዴት እንደቻለው አናወራም፤ የምናውቀው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ተመልሶ ጦርነት ውስጥ መግባቱን ነው። የሄደው ወደ ስፔን ነው፣ የጄኔራል ፍራንኮ ጦር ወደከበበው የባስክ ምድር።

ሚያዝያ 18 ቀን 1929 ሰኞ ነበር። ጌርኒካ በምትባል ትንሽ የባስክ ከተማ ሰኞ የገበያ ቀን ነው። በገበያ ቀን ነገሌ ምን እንደምትመስል አስቡት፤ ጋሪው፣ ከብቱ፣ ከገጠር የወረደው ሰው። ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ አውሮፕላኖች መጡ። የጀርመኑ ኮንዶር ሌጊዮን የሚባለው ክፍል ነበር፣ የጣሊያን አውሮፕላኖችም ነበሩበት። ከሦስት ሰዓት በላይ ደበደቡት። መጀመሪያ ፈንጂ ጣሉ፣ ሰው ጉድጓድና ምድር ቤት ገባ። ወደ ሜዳ የሮጠውን ዝቅ ብለው በመትረየስ አጨዱት። በመጨረሻ ተቀጣጣይ ቦምብ አዘነቡ፣ ከተማዋ ነደደች።

ስቲር በዚያው ከሰዓት በሌላ መንገድ ላይ ነበር፤ እሱንም አውሮፕላን አግኝቶት የቦምብ ጉድጓድ ውስጥ ተደብቆ ነው የተረፈው። ማታ ቢልባኦ እራት ላይ እያለ ጌርኒካ ጠፋች ተባለ። ተነሥቶ በመኪና ሄደ። ሰማዩ ከሩቅ ቀልቶ ይታይ ነበር። ሌሊቱን ከእሳቱ ያመለጡትን ሰዎች እየዞረ አነጋገረ፣ ሰዓት ጠየቀ፣ የአውሮፕላኑን ዓይነት ጠየቀ። ጠዋት ተመልሶ ደግሞ በቀን አየው። ከፍርስራሹ ውስጥ ሦስት ያልፈነዱ ተቀጣጣይ ቦምቦች አነሣ። ቅርፊታቸው ላይ የጀርመን ፋብሪካ ምልክትና 1936 የሚል ዓመት ታትሞ ነበር።

ይህንን ልብ በሉልን። ከብዙዎቹ ዘጋቢዎች የለየው ቅላፄው አልነበረም፤ ጎንበስ ብሎ ብረት ማንሣቱ ነው። ዘገባው ሚያዝያ 20 ታይምስና ኒውዮርክ ታይምስ ላይ በአንድ ቀን ወጣ። ያለቀሰ ጽሑፍ አልነበረም። ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት፣ የትኛው አውሮፕላን፣ ምን ያህል ክብደት ያለው ቦምብ፣ በምን ቅደም ተከተል። ያ ደረቅ ዝርዝር ነው ሰውን ያስደነገጠው።

የፍራንኮ ወገን ምን አለ? ባስኮቹ ራሳቸው ከተማቸውን አቃጥለው ነው አለ። ጀርመን እኛ የለንበትም አለች። ስቲር ይህንን ዘፈን ኢትዮጵያ ውስጥ ሰምቶታል፤ ዜማውን ያውቀዋል። ለዚህ ይመስለናል ገና መካድ ሳይጀምሩ ማስረጃውን የሰበሰበው። የተኮሰው ሰው ነገ እንደሚክድ ከአዲስ አበባ ተምሮ ነው የሄደው። ፓሪስ የነበረው ሠዓሊ ፒካሶ ስለ ጥቃቱ በጋዜጣ ካነበበ በኋላ ጌርኒካ የተሰኘውን ትልቅ ሥዕል ሠራ፤ ሥዕሉን ስልካችሁ ላይ ብትፈልጉት አሁኑኑ ታገኙታላችሁ።

ስቲር ከዚያ በኋላ ከታይምስ ጋር ብዙም አልቆየም። ጋዜጣው በዚያ ዘመን ጀርመንን ማስቀየም የማይፈልግ አለቃ ነበረው። የጦርነት ዘጋቢ ጠላት ግንባር ላይ ብቻ አይደለም፤ አንዳንዴ ዘገባውን የሚቀበለው ጠረጴዛም ይከብዳል።

በ1931 ድጋሚ አገባ። ባለቤቱ ኤዝሜ ባርተን በወረራው ዘመን አዲስ አበባ የእንግሊዝ ሚኒስትር የነበሩት የሰር ሲድኒ ባርተን ልጅ ናት። ወንድ ልጅ ሲወልዱ ክርስትና ያነሡት በስደት ላይ የነበሩት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። አበ ልጅ ሆኑ ማለት ነው። አንድ ጋዜጠኛ ከዘገበው መሪ ጋር አበ ልጅ ሲሆን ምን ይባላል? አገራችን ውስጥ ያለውን የአበ ልጅ ክብደት ለምታውቁ ጥያቄው አይጠፋችሁም።

መልሱን ስቲር ራሱ በተግባር ሰጠ። በ1932 መጨረሻ ጣሊያን ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት ስትገባ ብዕሩን አስቀምጦ የጦር ልብስ ለበሰ። ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ሱዳን ሲመጡ ስቲርም እዚያ የፕሮፓጋንዳ ክፍል ኃላፊ ሆነ። በአማርኛ በራሪ ወረቀት አሳተመ፤ የንጉሠ ነገሥቱ ማኅተም ያረፈበት አዋጅ በአውሮፕላን ተበተነ። ካርቱም ላይ ባንዲራችን የተባለ የአማርኛ ጋዜጣ ከኢትዮጵያውያን ጋር አዘጋጀ። ከረን ላይ ደግሞ ድምፅ ማጉያ ግንባር ድረስ ተወስዶ፣ ከጣሊያን ጋር የተሰለፉት አስካሪዎች በየቋንቋቸው ኑ፣ ክዱ እየተባሉ ይጠሩ ነበር። ብዙዎች ከድተዋል።

እዚህ ላይ እኛ ሁለት ልብ ነን። በአንድ በኩል ሰውየው ለነፃነታችን ሠርቷል፤ አንድ ጥይት ሳይተኮስ ወታደር የሚያስከዳ ወረቀት ከቦምብ ይሻላል። በሌላ በኩል ግን ያ ወረቀት ዜና አልነበረም። ዓላማው ሰውን ማሳመን ነው፣ የሚያሳምነውን ይነግረዋል፣ የማይመቸውን ይተወዋል። የስቲርን ሥራ ስታነቡ ከ1932 በፊት የጻፈውንና ከዚያ በኋላ ያሳተመውን በአንድ ዓይን አትዩት እንላለን። ለእሱ የሚነገርለት አንድ ነገር አለ፤ መስመሩን ሲሻገር ሳይደበቅ ነው የተሻገረው። የመኮንን ልብስ ለብሶ ጋዜጠኛ ነኝ አላለም። በዘመናችን አስቸጋሪ የሆነው ተገላቢጦሹ ነው፤ የጋዜጠኛ ማይክ ይዞ የአንድ ወገን ወታደር የሆነው።

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ገቡ። ዓለም ጦርነቱ አለቀ አለ። እኛ አካባቢ ግን አላለቀም ነበር። በግንቦት የእንግሊዝና የአፍሪካ ወታደሮች በሐይቆቹ መካከል ወደ ደቡብ እየተዋጉ ይወርዱ ነበር፤ ሻሸመኔ የተያዘችው ግንቦት 6 ነው፣ ቁሊቶ ላይ ደግሞ ከዚያ በኋላ ከባድ ውጊያ ተደርጓል። ዋና ከተማው ነፃ ወጣ ሲባል የገጠሩ ጦርነት ከዜና ይወርዳል። ከእኛ አያቶች በላይ ይህንን የሚያውቅ የለም።

ስቲር ከኢትዮጵያ በኋላ በዚያው ሥራ ቀጠለ። ማዳጋስካር ሄደ፣ ከዚያ ወደ ሕንድና በርማ። ጃፓኖች ላይ በድምፅ ማጉያ የሚሠሩ ቡድኖችን አሠለጠነ፣ የሌተና ኮሎኔል ማዕረግ ደረሰ። ኦጋዴን ላይ ቦምብ፣ አዲስ አበባ ላይ ዘራፊ፣ ባስክ ላይ መትረየስ ያልገደለው ሰው የሞተው በመኪና አደጋ ነው። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 25 ቀን 1944፣ በእኛ ታኅሣሥ 16 ቀን 1937፣ በፈረንጆቹ የገና ዕለት፣ ሕንድ ውስጥ ቤንጋል ላይ ሲነዳት የነበረችው ጂፕ ተገለበጠች። 35 ዓመቱ ነበር። ኤዝሜ ከሁለት ትንንሽ ልጆች ጋር ቀረች።

ጌርኒካ ውስጥ በ1998 ዓ.ም. ሐውልት ቆሞለታል። ሲሞት እጁ ላይ የወርቅ ሰዓት ነበር። ሰዓቱን የሰጡት የባስክ ፕሬዚዳንት ሆሴ አንቶኒዮ አጊሬ ናቸው፤ ጀርባው ላይ የስቲር ስምና ከባስክ ሪፐብሊክ የተሰጠ መሆኑ ተቀርጾበታል። ሰዓቱ በተሰጠበት ጊዜ ያቺ ሪፐብሊክ ልትጠፋ ጥቂት ነው የቀራት።